የልጆች ትርፍ አንጀት ለምን ይፈነዳል?

ትርፍ አንጀት ትልቁ አንጀት ከሚጀምርበት ከረጢት ላይ የሚንጠለጠል፣ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ነው። በአዋቂ ሰው ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ጤናማ ሲሆን ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በልጆች ላይ አስቸኳይ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው የዚህ ቱቦ መቆጣት ነው። ከ100 ሰዎች 7 ወይም 8 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ ይታመሙበታል። ከሁሉም በላይ በብዛት የሚታየው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን ወንዶች ልጆች ከሴቶች በትንሹ ይበልጣሉ።

ሐኪሞች ሕመሙን ለሁለት ይከፍሉታል። ቀላል የሚባለው የቱቦው ግድግዳ አብጦና ተቆጥቶ፣ ነገር ግን ሳይበሳ ሲገኝ ነው። ከባድ የሚባለው ግድግዳው ደም አጥቶ ሲበሰብስ ወይም ሲፈነዳ፣ ከዚያም መግል በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲቋጠር ወይም ሲሰራጭ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሕመም ያለበት ልጅ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ልጅ ግን አንድ ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆስፒታል ይተኛል፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ሆዱ ውስጥ መግል እንደገና ሊቋጠር፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም አንጀቱ በጠባሳ ተጣብቆ ሊዘጋ ይችላል። ትርፍ አንጀት ከሚያማቸው ልጆች ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ሕመሙ ሲታወቅ ቀድሞ ፈንድቶ ይገኛል። ከ5 ዓመት በታች ባሉት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከግማሽ ይበልጣል።

ለከባዱ ደረጃ የሚዳርጉ ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም በአብዛኛው የሚሠሩት በጊዜ በኩል ነው። ገሚሶቹ በልጁ ሰውነት ውስጥ ያሉ ሲሆኑ ሕመሙ ለመፈንዳት የሚወስደውን ጊዜ ያሳጥራሉ። ሌሎቹ ከሰውነቱ ውጭ ያሉ ናቸው፤ እነዚህ ልጁ ሕክምና እስኪያገኝ የሚያልፈውን ጊዜ ያረዝማሉ።

ከመደፈን እስከ መፈንዳት

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የቱቦው መክፈቻ ሲደፈን ነው። የደረቀ የሰገራ ጠጠር ሊደፍነው ይችላል። በቱቦው ግድግዳ ውስጥ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የተከማቹበት ሥጋ አለ፤ ይህም በቫይረስ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያት ሲያብጥ መንገዱን ይዘጋል። አልፎ አልፎም ወስፋትና ሌሎች የአንጀት ትላትል ውስጡ ገብተው ይገኛሉ። መክፈቻው ቢደፈንም ቱቦው ዝልግልግ ፈሳሽ ማመንጨቱን አያቆምም። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያዎች ይራቡበታል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ግፊቱ በግድግዳው ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጫን መጀመሪያ ደም የሚወጣበት፣ ቀጥሎም ደም የሚገባበት መንገድ ይዘጋል። ደም ያጣው ግድግዳ ይሞታል፤ የሞተውም ቦታ ይበሳል።

የሕመሙ አካሄድ ይህንኑ ሂደት ይከተላል። መጀመሪያ ቱቦው ራሱ ሲወጠር ልጁ የሚያመው እምብርቱ አካባቢ ነው፤ የአንጀት ነርቮች የሕመሙን ትክክለኛ ቦታ ለይተው አያመለክቱም። ከሰዓታት በኋላ መቆጣቱ የሆድ ዕቃን ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ሲነካ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ይጸናል። አሜሪካዊው ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የሕመሙ ምንጭ ትርፍ አንጀት መሆኑን በግልጽ ጽፎ አሁን የሚታወቅበትን የሕክምና ስም ሰጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የኒውዮርኩ ቻርልስ ማክበርኒ በጣት ሲጫኑት በጣም የሚያመውን ቦታ ለይቶ አመለከተ። ቦታው ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል።

ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መፈንዳት ብዙም አይታይም። ከ36 ሰዓት በኋላ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ 48 ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ያሻቅባል። በፈነዳበት ሰዓት ብዙ ቤተሰብን የሚያዘናጋ ነገር ይከሰታል፤ በቱቦው ውስጥ የነበረው ግፊት ስለሚወርድ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይላል። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረው ልጅ ረገብ ሲል ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ ይተኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም ግን በአንድ ቦታ የተወሰነ አይደለም፤ ሆድ በሙሉ ይወጠራል፣ ትኩሳቱ ያይላል፣ ልጁም ይዝላል።

ዕድሜ

ከምክንያቶቹ ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው ዕድሜ ነው። ትርፍ አንጀት በጨቅላ ሕፃናት ላይ እምብዛም አይታመምም፤ የቱቦው አፍ በዚያ ዕድሜ ሰፊ ስለሆነና የመከላከያው ሥጋም ገና ስላልዳበረ በቀላሉ አይደፈንም። ከታመመ ግን ነገሩ ይፈጥናል። የቱቦው ግድግዳ ስስ ነው። ከዚህም በላይ ሆድ ዕቃን ከፊት የሚሸፍነው ሞራ በሕፃናት ላይ አጭርና ስስ ነው። በአዋቂ ሰው ሞራው ወደ ተቆጣው ቦታ ሄዶ እንደ ነጠላ ይጠመጠምበታል፤ መግሉም ባለበት ተከልሎ ይቀራል። በሁለትና በሦስት ዓመት ልጅ ሞራው ያን ያህል ስለማይደርስ የፈሰሰው መግል በቀላሉ ወደ መላው ሆድ ይዛመታል።

ሁለተኛው የዕድሜ ችግር አንደበት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሕመሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሄደ በጣቱ ያሳያል። የሁለት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ማልቀስን፣ ጡትና ምግብ እምቢ ማለትን፣ ማስመለስንና መነጫነጭን ብቻ ነው። አንዳንዱ ቀኝ እግሩን አጥፎ ይተኛል፤ ቀጥ ሲያደርጉለት ይጮኻል። አንዳንዱ ሲራመድ ያነክሳል፤ ወላጅም ወድቆ ወለም ብሎት ይሆናል ብሎ ያስባል። በዚህ የተነሣ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አብዛኞቹ ሕመሙ የሚታወቅላቸው ትርፍ አንጀታቸው ከፈነዳ በኋላ ነው።

ጠጠርና አቀማመጥ

በቱቦው ውስጥ የተፈጠረ የሰገራ ጠጠር ሕመሙ ቶሎ እንዲከፋ ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ነው። ያበጠ ሥጋ ሲጎድል መንገዱን ሊከፍት ይችላል፤ ጠጠር ግን ከቦታው ካልተነቃነቀ ግፊቱን አያስተነፍስም። ጠጠሩ የተቀመጠበት የግድግዳ ክፍልም ቀድሞ የሚሞተው ነው። በዚህ ረገድ በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ራሱ የልጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1735 በለንደን ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ክላውዲየስ አምያንድ የተባለ ሐኪም የ11 ዓመት ልጅን ቡአ ሲቀድ በውስጡ የተበሳ ትርፍ አንጀት አገኘ። የበሳው ልጁ የዋጠው ስፒል ሲሆን ዙሪያው በጠጠር ተሸፍኖ ነበር። ልጁ ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ቀዶ ሕክምናውን ተቋቁሞ ዳነ።

እንዲህ ያለው ባዕድ ነገር ግን በጣም ብርቅ ነው። በልቶ መሮጥ ወይም መዝለል ትርፍ አንጀት ያመጣል የሚለው በየቤቱ የሚነገር ማስጠንቀቂያም መሠረት የለውም።

የቱቦው አቀማመጥ ከሰው ሰው ይለያያል። ከትልቁ አንጀት ጀርባ ተደብቆ ሲገኝ ሆድን ሲጫኑ የሚሰማው ሕመም ይደበዝዛል፤ ልጁ የሚያመው ወገቡን ወይም ጎኑን ይሆናል። ወደ ዳሌ ውስጥ ወርዶ ሲገኝ ደግሞ የሽንት ፊኛንና የአንጀትን መጨረሻ ስለሚነካ ልጁ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፤ ጥቂት ጥቂት ዝልግልግ ተቅማጥም ያስቀምጠዋል። እነዚህ አቀማመጦች ለመፈንዳት ምክንያት የሚሆኑት ሕመሙን ሌላ ስለሚያስመስሉትና ጊዜ ስለሚያባክኑ ነው።

ሕመሙ ሌላ ሲመስል

ትርፍ አንጀት ያመመው ልጅ መጀመሪያ በታየበት ጤና ተቋም ሌላ ስም ተሰጥቶት መመለሱ በየትኛውም አገር የሚያጋጥም ነው፤ ልጁ ባነሰ መጠንም ስሕተቱ ይበዛል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ተቅማጥና ትውከት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የአንጀት ኢንፌክሽን ነው ይባላል። መለያ የሚሆነው ቅደም ተከተሉ ነው። በአንጀት ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ ትውከቱ ይቀድማል፤ ተቅማጡም ብዙና ውሃማ ነው። በትርፍ አንጀት የሆድ ሕመሙ ይቀድማል፤ ትውከቱ ይከተላል፤ ተቅማጥ ካለም ጥቂት ነው።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የአንጀት ዕጢዎች ማበጥ፣ በሴት ልጆች ላይ የእንቁላል ማኅደር መጠምዘዝ፣ በወንዶች ላይ የዘር ፍሬ መጠምዘዝ ተመሳሳይ ሕመም ያመጣሉ። ለዚህም ነው ሐኪሙ ሆዱን የሚያመውን ልጅ ደረቱን የሚያዳምጠው፣ ሽንቱን የሚያስመረምረው፣ ብልቱንም የሚያየው። በኢትዮጵያ ደግሞ ሆዱን ያመመውና ያተኮሰው ልጅ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በአሜባ፣ በጃርዲያ፣ በታይፎይድ ወይም በወስፋት ነው። እነዚህ በሽታዎች በእርግጥ በአገሩ በብዛት አሉ። በሰገራ ምርመራ ጥገኛ ትል መታየቱ ወይም የታይፎይድ የደም ምርመራ አወንታዊ መሆኑ ግን ትርፍ አንጀት አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ አንድን ልጅ ሁለቱም ሊይዙት ይችላሉ።

ከጤና ተቋም በፊት የሚያልፉ ሰዓቶች

ሕመሙ ከታወቀና አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ቀዶ ሕክምናው በ24 ሰዓት ውስጥ እስከተሠራ ድረስ ጥቂት ሰዓት መቆየቱ የመፈንዳትን ዕድል ጎልቶ እንደማይጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። ከባዱን ደረጃ የሚያመጣው ዋናው መዘግየት ከዚያ በፊት ያለው ነው።

የዚህ ጊዜ ከፊሉ የሚያልፈው ቤት ውስጥ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ያለበት ሻይ፣ ሆድ ማሸት ይሞከራሉ። የዕፅዋቱ ዋና ጉዳት የሚያባክኑት ቀን ነው። የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠትና የታመመን ሆድ በኃይል ማሸት ግን ራሳቸውም አደጋ አላቸው፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አንጀቱን በኃይል ስለሚያንቀሳቅስ ከመፈንዳት ጋር ተያይዞ ሲታይ ቆይቷል።

ሌላው ምክንያት ያለ ምርመራ ከፋርማሲ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ነው። ለአሜባ ተብሎ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ወይም ለታይፎይድ የሚሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን በተቆጣው ትርፍ አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች በከፊል ያዳክማል። ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ሕመሙም ይለዝባል። መክፈቻው ግን እንደተደፈነ ስለሆነ ሂደቱ በዝግታ ይቀጥላል። ልጁ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል ሲደርስ በቀኝ ሆዱ ላይ የሚዳሰስ እብጠት ይዞ ይመጣል፤ ይህም የተቋጠረ መግል ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በልኩ የተሰጠ የሕመም ማስታገሻ ምርመራን ያበላሻል የሚለው የቆየ እምነት ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ሐኪሞች ዛሬ ልጁ ከመመርመሩ በፊትም ማስታገሻ ይሰጣሉ፤ የረገበ ልጅ ሆዱን ለማስመርመር ይቀለዋል።

ቀሪው ጊዜ በመንገድና በገንዘብ ያልፋል። በገጠር የታመመ ልጅ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሆስፒታል በሪፈር ይሄዳል፤ በየደረጃው ሰዓታት ይቆጠራሉ። ይህን ርቀት ለማሳጠር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ጀመረች። እነዚህ ባለሙያዎች በወረዳ ሆስፒታሎች ከሚሠሯቸው ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ የትርፍ አንጀት ነው። በበለጸጉ አገሮችም ችግሩ አልጠፋም። በአሜሪካ የጤና መድን የሌላቸው፣ ወላጆቻቸውም እንግሊዝኛ በደንብ የማይናገሩ ልጆች ፈንድቶባቸው የመምጣት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በዚያ አገር ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች የልጃቸውን ሕመም በቋንቋቸው ማስረዳት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜም በተለያዩ አገሮች ቤተሰቦች ሆስፒታል መሄድ ስለፈሩ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ይዘው የመጡ ልጆች በዝተው ነበር።

ሐኪሙ የሚያየው

ምርመራው የሚጀምረው ልጁ አልጋ ላይ ሳይወጣ ነው። ትርፍ አንጀት ያመመው ልጅ ሆዱን እንዳያንቀጠቅጥበት ጎበጥ ብሎ፣ በቀስታ ይራመዳል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ እንዲዘል ወይም እንዲያስል ይጠይቀዋል። ጤናማ ልጅ እየሳቀ ይዘላል፤ የሆድ ዕቃው የተቆጣበት ግን ግማሽ ዝላይ ዘሎ ቀኝ ሆዱን ይይዛል። ባጃጅ ወይም መኪና ጉብታ ሲያልፍ ልጁ መጮኹን ወላጅ ካስተዋለ ይህም ለሐኪሙ ጠቃሚ መረጃ ነው።

ምልክቶቹን በነጥብ የሚያሰላ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ማዳን ሳሙኤል የተባሉ ሐኪም ያወጡት የልጆች መለኪያ ከ10 የሚታሰብ ነው። ቀኝ ታችኛው ሆድ ሲጫኑት ማመሙ 2 ነጥብ፣ ሲያስሉ ወይም ሲዘሉ ማመሙ 2 ነጥብ ይይዛሉ። የሕመሙ ከእምብርት ወደ ቀኝ መዞር፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ትውከት፣ ትኩሳት፣ የነጭ ደም ሕዋስ መብዛትና ከእነርሱም ኒውትሮፊል የሚባሉት መጨመር እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ አላቸው። ውጤቱ 3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ትርፍ አንጀት የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። መካከል ላይ ያሉት ልጆች ተጨማሪ ምርመራ ወይም ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ከምስል ምርመራዎች ለልጆች የሚቀድመው ጨረር የሌለው አልትራሳውንድ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን በቀኝ ታችኛው ሆድ ላይ ቀስ እያለ ይጫናል። ጤናማ አንጀት ሲጫኑት ይጠፈጠፋል፤ የተቆጣው ትርፍ አንጀት ግን ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ ሳይጠፈጠፍ ይታያል። በጣም በወፈሩ ልጆችና ቱቦው ከአንጀት ጀርባ በተደበቀባቸው ላይ ምስሉ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ሕመሙ ቀድሞ ከባድ ደረጃ ላይ መድረሱን የሚያስጠረጥሩት ከሁለት ቀን በላይ መቆየቱ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ሆድ በሙሉ መወጠሩ፣ በደም ውስጥ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው የመቆጣት ምልክት በጣም ከፍ ማለቱ፣ የሶዲየም መጠን መውረዱና በምስል ላይ ጠጠር ወይም ፈሳሽ መታየቱ ናቸው።

ሕክምናው

ለልጁ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል፤ ከዚያም ትርፍ አንጀቱ በትንሽ ቅድ ወይም በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ በጠባብ ቀዳዳ በማስገባት ይወጣል። ባልፈነዳና ጠጠር በሌለበት ሕመም አንቲባዮቲክ ብቻ መስጠትም በተመረጡ ልጆች ላይ ይሠራል፤ ሆኖም ከሦስቱ አንዱ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ጠጠር ካለ ይህ መንገድ የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል። ፈንድቶ መግሉ በመላው ሆድ ከተሰራጨ ቀዶ ሕክምናው አይዘገይም። መግሉ በአንድ ቦታ ከተቋጠረ ግን አንዳንድ ጊዜ በመርፌ ወይም በቱቦ ይወጣና አንቲባዮቲክ ይቀጥላል፤ ትርፍ አንጀቱም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከጥቂት ሰዓታት በላይ የቆየና እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ከእምብርት ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የዞረ ሕመም፣ ከሕመም በኋላ የመጣ ትውከት፣ ልጁ መራመድ ወይም መዝለል እምቢ ማለቱ፣ ከትኩሳት ጋር የሆድ መወጠር፣ አረንጓዴ ትውከት፣ እንዲሁም ከብርቱ ሕመም በኋላ በድንገት የረገበና ትኩሳቱ ያልወረደ ልጅ በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ይበቃል። በመንገድ ላይ ምግብ አለመስጠት ይመከራል፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ለማደንዘዣ ባዶ ሆድ ያስፈልጋል። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትና የተሰጠውን መድኃኒት ሁሉ መንገርም ምርመራውን ያፋጥናል። መጀመሪያ የታየው ሐኪም ትርፍ አንጀት አይደለም ብሎ ቢመልስም ሕመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ካልቀነሰ ልጁን መልሶ ማስመርመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሰዓት ያልታየው ምልክት በአሥራ ሁለተኛው ሰዓት ግልጽ ሊሆን ይችላል።